የተከሰሰው ዚንክ

ይህ የሆነው በከተማችን ነው። ከተማችን የት እንደሆነች አትጠይቁኝ። መንገዱን ብነግራችሁ ትመጣላችሁ፤ ከመጣችሁ ደግሞ ሰላምታ መዝጋቢው ፊት ቀርባችሁ በየትኛው እጃችሁ ሰላም እንደምትሉ ሳታስመዘግቡ ገበያ አትገቡም። ከዚያ ድካም ላድናችሁ ብዬ ነው። በጨው ባሕር ዳር የተቀመጠች መሆኗን፣ ማዶ ደግሞ እርሻችን፣ አማቶቻችንና መቃብራችን እንዳሉ ካወቃችሁ ይበቃል። ለሥራም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም መሻገር ግድ ነው። የምታሻግረን አንዲት የብረት ጀልባ ናት፤ ስሟም አሻግሬ ይባላል። እኔ የአሻግሬ ገመድ ጣይ ነኝ። ዳር ስትደርስ ገመድ እወረውራለሁ፣ ስትነሣ እፈታለሁ። ስለዚህ አብዛኛውን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ የቀረውን እትዬ ደብሪቱ ራሷ አጫውታኛለች።

እትዬ ደብሪቱ የአሻግሬ ጠጋኝ ነበረች። ባሏ በያጅ ነበር፤ ሲሞት መዶሻውንና ሙያውን ተወላት። አጭር፣ ሳቂታ፣ ክንዷ የጠነከረ ሴት ናት። በየስድስት ወሩ ጀልባዋን በግንድ ላይ እያንከባለልን ወደ አሸዋው ስናወጣት፣ ደብሪቱ ከሥር ትገባና በእጇ ሆዷን ትዳስሳለች፤ ያተኮሰው ልጅ ግንባር የምትነካ ነው የምትመስለው። ከዚያ "ደህና ናት" ትላለች። እኛም ደህና ናት ብለን እናምናለን።

አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት።

"አየህ፣ የአሻግሬ ገላዋ ብረት ነው" አለችኝ። "ከኋላ እየተሽከረከረ የሚገፋት ፕሮፔለር ደግሞ ነሐስ። ብረትና ነሐስ በደረቅ መሬት ጎረቤት ቢሆኑ ክፉ አይነጋገሩም። አያይዘህ ጨው ውሃ ውስጥ ካስገባሃቸው ግን ውሃው አንዱን መብላት ይጀምራል። ነሐሱን አይነካውም። ብረቱን ነው የሚበላው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ከብረቱ ይልቅ የሚጥመውን መስጠት ነዋ!" ብላ ሳቀች።

ለውሃው የሚጥመው ዚንክ ነው። ድፍን ዳቦ የሚያህል የዚንክ ቁራጭ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ብረቱ ላይ በቡሎን ታስረዋለች። ውሃው እሱን ሲግጥ ጀልባዋን ይረሳል። በስድስት ወር ግማሹ ያልቃል፤ ያንን አውጥታ አዲስ ታስራለች። ሥራው ይኸው ነው። ባሏም እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል፤ አሻግሬም በዚህ ሁኔታ ሠላሳ ዓመት ተንሳፍፋለች።

እንግዲህ በአንዱ ዓመት አዲስ የመልክ ሹም ተሾሙልን። አቶ ዘርጋው ይባላሉ። የመልክ ሹም ሥራቸው ከተማዋ ላያት ሁሉ ደህና መስላ እንድትታይ ማድረግ ነው። ደህና መሆኗ የሌላ ቢሮ ሥራ ነው፤ ለዚያ ቢሮ ግን ገና ሰው አልተቀጠረለትም። አቶ ዘርጋው ክፉ ሰው አልነበሩም። ረጅም፣ ትሑት፣ ነጭ ጓንት የማይለያቸው፣ ከባለ ወርቃማ ዘርፍ ካባቸው ጋር የሚተኙ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በተሾሙ በሦስተኛው ሳምንት አሻግሬ አሸዋ ላይ ወጥታ ሳለ ሊጎበኟት መጡ።

ሆዷን አዩ፤ ንጹሕ ነው። ነሐሱን አዩ፤ ያበራል። ከዚያ ዚንኩን አዩ። ውሻ ሲጫወትበት የከረመ አጥንት መስሏል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"ዚንክ ነው ጌታዬ" አለች ደብሪቱ።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"ውሃው። ሥራው እኮ ነው።"

"የውሃው ሥራ?"

"የዚንኩም። መበላት ነው ሥራው።"

አቶ ዘርጋው ጓንታቸውን ሳያስነኩ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "ወይዘሮ ደብሪቱ" አሉ በመጨረሻ፣ በሐዘን ድምፅ፣ "በከተማዋ ጀልባ ላይ፣ ጌጠኛው ነሐስ አጠገብ፣ በየስድስት ወሩ አንድ ነገር ሲበላ ኖሮ እስከ ዛሬ ማንም አልከሰሰም?"

"ማንን ጌታዬ?"

"እሱን ነዋ። ሌሎቹ ሲጸኑ እሱ ብቻ ለምን ደከመ?"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ዚንኩ በማግሥቱ ተከሰሰ። ችሎቱ ሞልቶ ነበር፤ እኔም ሄጄ ነበር። ዳኛው የተከሳሹን ስም ጠየቁ፤ ጸሐፊው "ዚንክ" አለ። ሥራ ሲባል "መበላት" ተብሎ ተጻፈ። ጥፋተኛ ነህ አይደለህም ሲባል ተከሳሹ ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ ማመን ተቆጠረ። ደብሪቱ ለመመስከር እጇን ብታወጣም የዚንክ ዘመድ ናት ተብሎ ቃሏ ሳይሰማ ቀረ። ፍርዱ ወደ ባሕር እንዲወረወር ነበር።

"ድሮስ የት ነበረ?" አለችኝ ደብሪቱ በጆሮዬ።

ከዚያ ወዲያ አዲሱ ዚንክ እንዳይደክም መመሪያ ወጣ። የከተማችን መለያ በሆነው ሰማያዊ ቀለም ሦስት ጊዜ ተቀባ። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ በሩጫ ወደ መልክ ሹሙ ቢሮ ሄደች።

"ጌታዬ፣ ቀለም ከተቀባ ውሃው አያገኘውም።"

"ይኸው ነው ሐሳቡ" አሉ አቶ ዘርጋው ደስ ብሏቸው።

"እሱን ካላገኘ ወደ ብረቱ ይዞራል!"

"ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ብረት እኮ ጠንካራ ነው። ሁሉም ያውቃል።" ሻይ አስመጡላት፤ በአክብሮትም እስከ በሩ ሸኟት።

ስድስት ወር አለፈ። አሻግሬን አሸዋ ላይ ጎትተን ስናወጣት ዚንኩ ሰማያዊነቱን እንደያዘ፣ እንደ ሙሽራ አምሮ ሙሉውን ወጣ። አንዲት ጭረት የለችበትም። ሕዝቡ እልል አለ። አቶ ዘርጋው እንባቸው መጣ። ደብሪቱ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ከጀልባዋ ሥር ገባች። እጇን እንደ ልማዷ አሳለፈች። መዳፏ ቆመ። ፈንጣጣ የወጣበት ጉንጭ የነካች መሰላት። ጣቷ የሚገባበት ጉድጓድ ነበር፤ አጠገቡም ሌላ፣ አጠገቡም ሌላ። በዚያች ደቂቃ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ባሏን ሁለተኛ የቀበረች ያህል ተሰማት።

"ተበልታለች!" ብላ ጮኸች።

ግን ከበሮው ይመታ ነበር። የሰሟትም ቢሆን ዚንኩን አዩና ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ያልተበላውን እያዩ ስለ ተበላ ነገር ማን ያወራል?

ከዚህ ወዲያ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ዚንኩ ጀግና ስለሆነ ውሃ ውስጥ ማዋል ነውር ነው ተባለ። ከጀልባዋ ተፈትቶ በከተማው አዳራሽ፣ በቀይ ከፋይ ትራስ ላይ ተቀመጠ። ቦታው ባዶ እንዳይቀር ደግሞ የሚያምር የእንጨት ሰሌዳ ተሠርቶ "ዚንክ" ተብሎ ተጻፈበትና በዚያው ቡሎን ታሰረ።

ደብሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ቢሮ ሄደች። "ጌታዬ፣ ውሃ ማንበብ አይችልም" አለች።

አቶ ዘርጋው በጥሞና አሰቡበት። "አለመማር ሰበብ አይሆንም" አሉ። ቀጠሉና፣ ስለ ትጋቷ ምስጋና ይሁን ብለው እድገት ሰጧት፤ ከጀልባ ጠጋኝነት ወደ ጀግናው ወልዋይነት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብሪቱ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ በለስላሳ ጨርቅ ዚንኩን ስትወለውል ትውላለች። ሰው ሲገባ ትነሣለች፤ ሰው ሲወጣ ትቀመጣለች።

ሳቋ ጠፋ። ሰዉ "ምነው እትዬ፣ ከፀሐይ አወጡሽ፣ ደልቶሽ የለም?" ሲላት "ሆድ ይፍጀው" ብላ መወልወሏን ትቀጥላለች። የማን ሆድ እንደሆነ ግን እኔ አውቅ ነበር።

ሰሌዳው በታሰረ በአምስተኛው ወር የአሻግሬ ወለል መርጠብ ጀመረ። ነጂያችን ይመኑ ይባላል፤ ሃያ ዓመት መሪውን የያዘ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አንድ ጠዋት ወለሉን አንሥቶ አየና "ውሃ ገብቷል" አለ። ለመልክ ቢሮ አመለከትን። መልሱ በማኅተም መጣ፤ ዚንኩ ሙሉ ስለሆነ ጀልባዋ ልታፈስ አትችልም፣ ስለዚህ የታየው ውሃ ጀልባዋ በሥራ ብዛት ያላባት ላብ ነው ይላል። ለእኔም አንድ ባልዲ ተሰጠኝና "ላብ ጠራጊ" ተብዬ ተመደብኩ። ገመድ ጣይነቱም አልቀረልኝም።

አዳራሽ ሄጄ ለደብሪቱ ነገርኳት። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

"ላቡ ጨው ጨው ይላል?" አለችኝ።

"ይላል።"

"ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከኋላ። ከነሐሱ በላይ።"

ዓይኗን ጨፈነች። "የይመኑ ልጅ ሠርግ መቼ ነው?"

"እሑድ።"

አዝመራ የይመኑ አንድያ ልጁ ናት። ሙሽራው ማዶ ነው፤ እሑድ ሰማንያ ሰው ይዘን እንሻገራለን። ደብሪቱ እየሮጠች ይመኑ ቤት ደረሰች። እኔም ተከተልኳት።

"ይመኑ፣ በዚህች ጀልባ ልጅህን አታሻግር።"

"እትዬ፣ በምን ላሻግራት ታዲያ?" አለ ይመኑ። "ሌላ ጀልባ የለ። ቀኑን ልግፋ ብል ምን ብዬ? ቢሮው ላብ ነው ብሏል። ላብ ፈርቼ ሠርግ ብሰርዝ አማቶቼ ምን ይሉኛል?"

አዝመራ ከጓዳ ወጥታ ትሰማ ነበር። "እትዬ ደብሪቱ፣ አንቺ አብረሽን ብትኖሪ ጀልባዋ ትሻገራለች?" አለቻት።

ደብሪቱ ቤቷ ብትቀመጥ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ተናግራለች፤ አልሰሟትም። የደረሰው ቢደርስ "ብያችሁ ነበር" የምትል እሷ ናት። ይህ ሐሳብ እንደ ጣፋጭ ነገር ምላሷ ላይ መጥቶ እንደነበር አልደበቀችኝም። ግን የልጅቱን ፊት አየች።

"እኖራለሁ" አለች። "ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው የምቀመጠው። ይመኑ፣ አንተ ደግሞ ጥልቁን ትተህ የአሸዋውን ዳር ዳር ያዝ።"

እሑድ ረፋድ ላይ ሰማያችን ያለ ደመና፣ ባሕሩ እንደ ሰሌን የተነጠፈ ነበር። ሠርገኛው ከነከበሮው፣ ከነድስቱ፣ ከነጠላው ተጫነ። አቶ ዘርጋው የክብር እንግዳ ሆነው ከነካባቸው መጡ። ደብሪቱ በነጠላዋ ሥር መዶሻ፣ ሦስት የእንጨት ሽብልቅና አንድ ቁራጭ ጣውላ ይዛ ገባችና ነሐሱ ካለበት በላይ፣ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

"ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ምነው ከዚያ? ወደ ክብር ቦታው ይምጡ እንጂ" አሏት አቶ ዘርጋው።

"ዛሬ የክብር ቦታው እዚህ ነው ጌታዬ" አለች።

የአሸዋውን ዳር ዳር ይዘን ሄድንና ማቋረጥ ግድ ከሆነበት መካከል ላይ ደረስን። ከበሮው ደመቀ፣ ጭፈራው ተጀመረ። ሰማንያ ሰው አንድ ላይ ሲዘል የአሻግሬ ሆድ "ጧ!" አለ። ጭፈራው ሳይቋረጥ ደብሪቱ ወለሉን ገለበጠች። ውሃው እንደ ምንጭ ይፈልቅ ነበር።

"ጌታዬ!" ብላ ተጣራች። "አንዴ ይምጡና ይህን ላብ ይዩት!"

አቶ ዘርጋው መጥተው ቆሙ። ጫማቸው ውስጥ ውሃ ገባ። ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጣ።

ደብሪቱ ሽብልቅ አስገብታ በመዶሻ መታች። ብረቱ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ፤ ቀዳዳው ከጣት ወደ ቡጢ አደገ። ሽብልቁ አይዝም፤ የሚይዘው ጠርዝ የለም። "ወፍራም ጨርቅ!" አለች። ሁሉም ነጠላ ነው የለበሰው፤ ነጠላ ደግሞ ውሃውን አጥልሎ ከማስገባት በቀር ምን ይረባል። ቀና ብላ የሹሙን ካባ አየች።

"ጌታዬ፣ ካባዎን።"

"ይሄ እኮ የሹመት..."

"ያውልቁ!"

አወለቁ። ደብሪቱ ካባውን ከሠርጉ ድስት ባወጣችው ቅቤ ለውሳ፣ ጠቅልላ ቀዳዳው ላይ ጠቀጠቀችው። ጣውላውን ከላይ አስቀመጠች። ውሃው ቀነሰ፤ ግን ጣውላውን ያነሣዋል። ሚስማር አይመታበትም፤ ቢመታ የቀረውም ብረት ይሄዳል።

"ከባድ ነገር ያስፈልጋል" አለች፣ ዙሪያዋን እያየች። "ከባድ ሆኖ ሌላ ሥራ የሌለው።"

ሁሉም ዞሮ አቶ ዘርጋውን አየ። እሳቸውም ሁሉም ማንን እንደሚያይ ጥቂት ፈለጉ፤ ከዚያ ገባቸው። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጣውላው ላይ ተቀመጡ። ውሃው ጸጥ አለ።

"አይነሡ" አለች ደብሪቱ።

"አልነሣም" አሉ።

የቀረነው በድስት፣ በጣሳ፣ በባልዲ እየቀዳን ወደ ባሕሩ መለስን። ሙሽሪት ቬሎዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሁሉም በላይ ቀዳች። ከበሮ መቺው ምቱን ለእጃችን አስተካከለልን፤ አንድ ምት መቅዳት፣ አንድ ምት መድፋት። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሄድን። መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ በሳቅ። አቶ ዘርጋው እንኳ መጨረሻ ላይ በተቀመጡበት ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩና ደብሪቱ "ትከሻ ብቻ ጌታዬ! ወገብ የለም!" ብላ አስቆመቻቸው።

በዚያ ሰዓት ውስጥ አቶ ዘርጋው ሌላ የሚያዩት ስላልነበራቸው በእግራቸው መካከል የጀልባዋን ብረት ሲያዩ ቆዩ። ጓንታቸውን አውልቀው በጣታቸው ነኩት። እንደ ቅርፊት ተነሣ።

"ወይዘሮ ደብሪቱ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይህን ማን በላው?"

"ውሃው ነው ጌታዬ።"

"ለምን?"

"የሚበላው ሲያጣ ምን ያድርግ?"

ይመኑ አሻግሬን የማዶው አሸዋ ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ነድቶ አወጣት። አንድም ሰው አልጎደለም። ሠርጉ እዚያው ዳር ላይ፣ ሁላችንም እስከ ጉልበታችን እንደራስን ተደገሰ። ወጡ ቅቤ አንሶታል ያለ አንድም እንግዳ አልነበረም። አቶ ዘርጋው ሙሽሮቹ እስኪነሡ ድረስ ከጣውላው ላይ አልተነሡም፤ ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ እንደቆመች የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

አሻግሬ በአዲስ ብረት ተጠገነች፤ ብየዳው ሁለት ወር ፈጀ። ደብሪቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ አዲስ ዚንክ፣ ራቁቱን፣ ብረቱን አሳምራ ፍቃ አሰረች። አቶ ዘርጋው ሹመታቸውን አልተነጠቁም፤ በእኛ ከተማ ሹመት ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ቅጽ ካለቀ ቆይቷል። ሰውየው ግን ተለወጡ። ጀልባዋ በወጣች ቁጥር እየመጡ ከሥሯ ይንበረከካሉ። ዚንኩ ግማሹ ተበልቶ ባዩት ጊዜ "እሰይ! እሰይ!" ብለው ደብሪቱን ሊያቅፏት ደረሱ።

ዘንድሮ ከባሕሩ ጫፍ ያለች ጎረቤት ከተማ አዲስ የብረት ጀልባ ገዛች። አቶ ዘርጋው ሳይጠሩ ሄደው ሊመክሩ ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ ቅስማቸው ተሰብሯል።

"ዚንኩን አረንጓዴ ቀብተውታል" አሏት ደብሪቱን፣ አሸዋው ላይ አጠገቧ ዘጭ ብለው። "ይበላ ዘንድ ተዉት ብላቸው ሳቁብኝ። የከተማ ንብረት እንዲበላ የሚፈልግ ሹም አይተን አናውቅም አሉ። ሻይ ሰጥተው እስከ በሩ ሸኙኝ።"

ደብሪቱ ሳቋን ለመዋጥ ብዙ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሳቸውም መጀመሪያ ተቀየሙ፣ ኋላ አብረዋት ሳቁ። ከዚያ ተነሥታ አሸዋውን ከቀሚሷ አራገፈች።

"ጀልባቸው አሁን የት ነው ያለው?"

"አሸዋ ላይ። ነገ ነው ወደ ውሃ የሚገባው፤ በሰልፍና በባንድ።"

በትንሿ ታንኳ ቀዝፌ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ ደረስን፤ ከተማው ሁሉ ለነገው ሰልፍ ልምምድ ላይ ነበር። አዲሱ ጀልባ ዳር ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ጥላው ሥር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ያንቀላፋል። ደብሪቱና አቶ ዘርጋው በሆዳቸው እየተሳቡ ከጀልባው ሥር ገቡ። እሷ በመፋቂያ፣ እሳቸው በሽቦ ብሩሽ፣ ጎን ለጎን በጀርባቸው ተኝተው አረንጓዴውን ቀለም መፋቅ ጀመሩ። ፍቅፋቂው የአቶ ዘርጋውን ጢም አረንጓዴ አደረገው።

ዘበኛው በመፋቂያው ድምፅ ነቃ። ጎንበስ ብሎ አራት እግር አየ።

"እናንተ! ምን እያደረጋችሁ ነው?"

ደብሪቱ እጇ ቀጥ አለ። እኔ መቅዘፊያውን ጨበጥኩ። አቶ ዘርጋው ግን ብሩሻቸውን እንኳ አላቆሙም።

"ልብሱን እያወለቅንለት ነው" አሉ። "ሥራ ሊገባ ነው።"

ዘበኛው ጥቂት አሰበ። ከተሰጡት ትእዛዞች አንዱም ሥራ የሚገባን አግድ አይልም። ዱላውን አስደግፎ፣ ከእሳቸው ጎን ቁጢጥ አለና ዚንኩን አንጋጦ አየው።

"እንግዲያው ፍጠኑለት" አለ። "ረፍዶበታል።"